ስለ መኪና መሪ መላላት ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



በአማርኛ ቋንቋ «መሪ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይጠራበታል። በመንገድ ፊት ፊት የሚሄደው ሰው መሪ ይባላል። በቅኔ ማሕሌት ዜማውን የሚያነሣው ሊቅ መሪጌታ ይባላል። ሾፌር በእጁ ይዞ መኪናውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚመልስበት ክብ ነገርም መሪ ይባላል። የስሙ አንድ መሆን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሦስቱም ዘንድ የሚከተለው ብዙ ሲሆን የሚያዝዘው ጥቂት ነውና። ትእዛዙ በመንገድ ላይ የቀረ እንደ ሆነ የሚጎዳው ተከታዩ ሁሉ ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ሦስተኛው መሪ ነው። ይኸውም በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባሉት ደጋማ ወረዳዎች ጭነትና ሰው የሚያመላልሱት ከባድ ፒክአፕ መኪናዎች መሪያቸው ሲላላ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፥ በምን ዓይነት እንደሚመረመርና በምን ተራ እንደሚጠገን መግለጽ ነው። ምናልባት «መካኒክ ላልሆነ ሰው ይህን ማወቅ ምን ይረባዋል?» የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። መካኒኩ መኪናውን ጠግኖ በጋራዡ ይቀራል፤ በመኪናው ላይ የሚሳፈረው ግን የአገሩ ሰው ነው። መጻሕፍትና የፈተና ወረቀት የሚያስጭነው መምህሩ ነው። ሕመምተኛ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ለማድረስ ወይም ሙሽራ ለማምጣት መኪና የሚከራየውም ሽማግሌው ነው። ስለዚህ መሪው የታመመ መኪናን ከጤነኛው ለይቶ ማወቅ የእያንዳንዱ አስተዋይ ሰው ፈንታ ነው።

ከባድ ነገርን በዚህ አገር ተራራ ላይ መምራት ዛሬ የተጀመረ ጭንቀት አይደለም። ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ባለችው በጋፋት፥ አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን አኑረው መድፍ አሠርተው ነበር። ከተሠሩትም ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይገመታል። በ1860 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ይህ መድፍ በሠረገላ ተጭኖ፥ ብዙ መቶ ሰዎች በገመድ እየጎተቱት፥ መንገዱም በፊቱ እየተደለደለ፥ ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በጅዳና በበሽሎ ወንዝ ገደል በኩልም አልፎ መቅደላ ደርሷል፤ እስከ ዛሬም በዚያው በመቅደላ አለ።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ጉዳይ የሚወሰድ አንድ ምክር አለ። እንዲህ ያለ ክብደት ቁልቁለት ሲወርድ የገመዱ መጥበቅ ከጎታቹ ብዛት ይበልጣል። ገመዱ የተወጠረ እንደ ሆነ ሰው ክብደቱን ይመራዋል፤ ገመዱ የላላ እንደ ሆነ ግን ክብደቱ ሰውን ይመራዋል። ገመዱ እስኪወጠር ድረስ ያለው ርቀት ትንሽ ቢመስልም በዚያች ርቀት ውስጥ ማንም የሚያዝዝ የለም። የመኪና መሪ መላላትም ይኸው ነው።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1900 ዓመተ ምሕረት ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለውን አውቶሞቢል ይዞ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ካሉበት ከአዲስ አበባ ደረሰ። ወደ ደብረ ታቦር ደጋም መንገድ ተዘረጋ፤ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው ረጅም መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ ስለ ሆነ የአገሩ ሰው «የቻይና መንገድ» ሲለው ኖሯል። ይህ መንገድ ለመሪ ፈታኝ ነው። ከፎገራ ሜዳ ዳር ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ወደ 900 ሜትር የሚሆን ከፍታ ይወጣል። ከደብረ ታቦር ወዲያም ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ተራራ ግርጌ እየተጠማዘዘ ወደ ጋይንት ይዘልቃል። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገነጠለው ጥርጊያ ደግሞ በበጋ አቧራና ድንጋይ፥ በክረምት ጭቃና ቦይ የሞላበት ነው። መሪን የሚያላላው አንዱ ምክንያት ይኸው መንገድ ሲሆን፥ የላላውን መሪ ወደ አደጋ የሚያደርሰውም ይኸው መንገድ ነው።

አሁን የሾፌሩ ትእዛዝ ከእጁ እስከ ጎማው ድረስ የሚያልፍባቸውን ስፍራዎች በተራ መግለጽ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የሚወሰደው በገጠር መንገድ ብዙ የሚታየው እንደ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ያለ፥ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙበት መኪና ነው።

በመጀመሪያ የመሪው ክብ ከረጅም ዘንግ ጋር ተያይዟል። ዘንጉ ወደ ሞተሩ ክፍል ወርዶ ከመሪው የማርሽ ሳጥን ጋር ይጋጠማል። በሳጥኑ ውስጥ እንደ ቡሎን ጥምዝ የሆነ ብረት አለ፤ በዚያም ላይ ጥቃቅን የብረት ኳሶች እየተንከባለሉ ሰበቃውን ያቀልላሉ። ሳጥኑም ብዙውን የእጅ ዙረት ወደ ጥቂት ግን ብርቱ እንቅስቃሴ ይለውጠዋል። ከሳጥኑ በታች አንድ ክንድ ይወጣል። ክንዱ ሲወዛወዝ ዘንግ ይገፋል ወይም ይስባል፤ ዘንጉም አንዱን የፊት ጎማ ይመልሳል። ሾፌሮች ታይሮድ የሚሉት ሌላው አግድም ዘንግ ያንን ጎማ ከሁለተኛው ጋር አጣምሮ ሁለቱን በአንድነት ያዞራቸዋል። በእነዚህ ዘንጎች ጫፍ ሁሉ ኳስ የመሰለ ራስ ያለው መጋጠሚያ አለ፤ በግራሶ የተሞላና ከጎማ በተሠራ ቆብ የተሸፈነ ነው። ጎማውን የሚሸከመው ክፍል ከላይና ከታች በኪንግ ፒን ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል። ጎማው ራሱም በእምብርቱ ባሉት ኩሽኔታዎች ላይ ይሽከረከራል።

እንግዲህ ትእዛዙ ከእጅ ወጥቶ መሬት እስኪነካ ድረስ ስምንት ወይም ዘጠኝ በሚሆኑ መጋጠሚያዎች ያልፋል። ይህም ከዜማ ትምህርት ጋር ይመሳሰላል። አንድ ዜማ ከመምህር ወደ ተማሪ፥ ከተማሪውም ወደ ሌላ ተማሪ ሲተላለፍ በእያንዳንዱ አፍ ጥቂት ጥቂት ቢለወጥ፥ በመጨረሻው ተማሪ ዘንድ ሌላ ዜማ ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን ከመካከላቸው «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» የሚል አይገኝም። ስለዚህ የድጓ መምህራን ተማሪያቸውን በጋይንት ወዳለው ወደ ቤተ ልሔም ምስክር ቤት ልከው ቃሉንና ምልክቱን አንድ በአንድ ያስመሰክሩታል። የመሪ መላላትም ብዙ ጊዜ የአንድ ዕቃ ጥፋት ሳይሆን በየመጋጠሚያው ያለች ጥቂት ጥቂት ክፍተት ተደምራ የምታመጣው ነውና፥ መድኃኒቱ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ለብቻው ማስመስከር ነው።

የትንሽ ክፍተትን ጉልበት በሒሳብ ማየት ይቻላል፤ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው በሰሌዳ ላይ ሊያሳዩት ይችላሉ። ጎማውን የሚመልሰው ክንድ 15 ሳንቲሜትር ርዝመት አለው እንበል። ሳጥኑም የመሪው ክብ 18 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ የሚዞርበት መጠን ይኑረው። የመሪው ክብ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 19 ሳንቲሜትር ተኩል ይሁን። በአንዱ መጋጠሚያ 1 ሚሊሜትር ክፍተት ቢገኝ፥ 1ን ለ150 አካፍሎ፥ በ18 አባዝቶ፥ እንደ ገና በ195 ሚሊሜትር ማባዛት ነው፤ ውጤቱ ከ23 ሚሊሜትር ይበልጣል። ይህም ማለት የ1 ሚሊሜትር ክፍተት በሾፌሩ እጅ ላይ ከ2 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ባዶ ዙረት ታመጣለች ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት መጋጠሚያዎች ቢኖሩ ባዶው ዙረት 7 ሳንቲሜትር ይሆናል።

«ባዶ ዙረት» የተባለው የመሪው ክብ እየዞረ ጎማው ግን ሳይነቃነቅ የሚያልፈው ርቀት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ ያንን ባዶ ዙረት እስኪሞላ ግማሽ ሴኮንድ ቢያልፍበት መኪናው ከ8 ሜትር በላይ ያለ መሪ ተጉዟል ማለት ነው። በጠባብ መታጠፊያ ላይ፥ ከፊት ካሚዮን ሲመጣ፥ 8 ሜትር የነፍስ ዋጋ ነው።

መሪው የላላበት ባለ መኪና ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ስሕተት እዚህ ላይ ሊነገር ይገባል። በማርሽ ሳጥኑ ራስ ላይ አንዲት ማስተካከያ ቡሎን አለች። ይህችን ቡሎን በካቻቪቴና በቁልፍ ማጥበቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ከጠበቀች በኋላ መሪው ለጊዜው የዳነ ይመስላል። ነገር ግን በሽታው ከታች በመጋጠሚያዎቹ ከሆነ ቡሎኗ ምልክቱን ሸሸገች እንጂ በሽታውን አልፈወሰችም። ከመጠን በላይ የጠበቀች እንደ ሆነም ሌላ ክፉ ነገር ትጨምራለች። በሳጥኑ ያሉት ጥርሶች ይፋጫሉ፤ መሪውም ይከብዳል። ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታ መመለስ የሚገባው መሪ በዞረበት ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ልቅነቱ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ ምንም ነገር አይጥበቅ።

ልቅነቱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ምርመራው በሚከተለው ተራ ይደረጋል።

አንደኛ፤ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። መሪው በዘይት ኃይል የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቅ። ከዚያ በኋላ በመሪው ክብ ዳር ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግና አንድ ሰው በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ያዙረው፤ ሌላው በውጭ ቆሞ ጎማውን ይመልከት። ጎማው ሊነቃነቅ ሲጀምር «በቃ» ይበል። በቀኝም በግራም እንዲሁ ተደርጎ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካ። ለዚህ ጠመኔና ማስመሪያ ከመምህር እጅ አይጠፉም። የትክክለኛውን መጠን የሚናገረው የመኪናው የራሱ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ባሉት መኪናዎች ግን የሚፈቀደው የመጨረሻ መጠን ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ያለፈ መኪና ሳይመረመር ሰው ሊጭን አይገባውም።

ሁለተኛ፤ መኪናው በአራት ጎማው እንደ ቆመ፥ አንዱ መሪውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በአጭር በአጭሩ ይወዝውዘው፤ ሌላው ከጎን ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይመልከት። ከመጋጠሚያው በዚህ ወገን ያለው ዘንግ ሲንቀሳቀስ በዚያ ወገን ያለው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ በሽታው በዚያ ነው። ዐይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል፤ መዳፍ በመጋጠሚያው ላይ ሲያርፍ ቀጭ ቀጭ የሚል ስሜት ይሰማል። ጣት ግን በዘንጎች መካከል አይግባ። ቆቡ የተቀደደ መጋጠሚያ ዛሬ ባይላላ እንኳ ነገ መላላቱ አይቀርም፤ በቀዳዳው ጭቃና አቧራ ገብቶ ግራሶውን ወደ አሸዋማ ሞረድ ይለውጠዋልና።

ሦስተኛ፤ የማርሽ ሳጥኑ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረባቸው ቡሎኖች ይታዩ። መሪው ሲወዘወዝ ሳጥኑ ራሱ የሚነቃነቅ ከሆነ ቡሎኖቹ ላልተዋል፥ ወይም ሳጥኑን የተሸከመው ብረት ተሰንጥቋል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የተሰነጠቀ ብረት ሳይታሰብ ሊለቅ ይችላልና። እንዲህ የሆነ መኪና ተጎትቶ ወደ ጋራዥ ይሂድ እንጂ አንድም ሰው ጭኖ አይነሣ።

አራተኛ፤ አንዱ የፊት ጎማ በክሪክ ይነሣ። ከአክስሉ በታችም ጽኑ መደገፊያ ይግባ፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና በታች መግባት ሞትን መጥራት ነው። ከዚያ ጎማው በላይና በታች ተይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅነቅ። የሚላወስ ከሆነ ሌላ ሰው የእግር ፍሬኑን ይርገጥ። ፍሬኑ ሲረገጥ ልቅነቱ የጠፋ እንደ ሆነ ጥፋቱ በጎማው እምብርት ኩሽኔታዎች ነው፤ ፍሬኑ ተረግጦም የሚላወስ እንደ ሆነ ጥፋቱ በኪንግ ፒን ኩሽኔታዎች ነው። ጎማው በግራና በቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ብቻ የሚላወስ ከሆነ ግን ወደ ታይሮዱ መጋጠሚያዎች መመለስ ይገባል።

አምስተኛ፤ አክስሉን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ነገሮች ይታዩ። የባሌስትራ ማሰሪያ የላላበት፥ ወይም በመጋጠሚያዎቹ ያለው የጎማ ልባስ የተበላበት መኪና፥ መሪው ምንም ጤነኛ ቢሆን አክስሉ ራሱ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሾፌሩም «መሪው ላላ» ይላል፤ ነገር ግን የላላው መሪው ሳይሆን የተመሪው ማሰሪያ ነው።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፥ እንደ አዲሶቹ ሂሉክስ ያሉት ፒክአፖች ወጥ የፊት አክስል የሌላቸውና የመሪያቸው ሳጥን ባለ ጥርስ ዘንግ የሆነ መሆኑ ነው። በእነዚህም የመጋጠሚያው ምርመራ አይቀርም፤ ሳጥኑን ግን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

በሽታው ከታወቀ በኋላ ጥገናው ሥርዓት አለው። ያለቀ መጋጠሚያ ይለወጣል እንጂ አይታከምም። በመዶሻ ቀጥቅጦ ማጥበብ፥ ቆርቆሮ ቆርጦ ማጎር፥ የተሰበረውን የመሪ ዘንግ በብየዳ መቀጠል፥ እነዚህ ሁሉ የተከለከሉ ናቸው። ብየዳው በጋራዡ በር ጽኑ መስሎ ይታያል፤ በጉና ቁልቁለት ላይ ግን የሚለቅበትን ሰዓት አያማክርም። ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት ርዝመቱ ይለካ፥ ወይም መጋጠሚያው ሲፈታ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ይቆጠር፤ አዲሱም በዚያው ልክ ይግባ። ይህ ካልሆነ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አይናበቡም፤ ጎማዎቹም በጥቂት ጊዜ ተበልተው ያልቃሉ። እንዲህም ሆኖ የጎማዎቹ አቀማመጥ በኋላ በመሣሪያ መስተካከል አለበት። ዳዶው በሚገባው ልክ ከጠበቀ በኋላ ኮፒሊያ የምትባለው ማገጃ ሽቦ አዲስ ትግባ። ትንሽ ናት፤ ዋጋዋም ኢምንት ነው። በእርስዋ ፈንታ ተራ ምስማር ያስገባ ሰው ግን የመኪናውን ሰው ሁሉ በምስማር አንጠልጥሏል።

የጎማው ኩሽኔታ ከላላ ይከፈታል፥ ይታጠባል፥ ይመረመራል፤ ካልተጫረ አዲስ ግራሶ ተሞልቶ በልኩ ይጠብቃል፤ ከተጫረ ይለወጣል። የማርሽ ሳጥኑ ማስተካከያ ቡሎን ተራዋ የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ባዶው ዙረት ገና ከመጠን ያለፈ ከሆነ፥ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳሉ፥ ከሩብ ዙር በጣም ባነሰ መጠን ጥቂት በጥቂት ትጠብቃለች። ከዚያም መሪው ከዳር እስከ ዳር ሳይያዝ መዞሩ፥ ከመታጠፊያም በኋላ በራሱ መመለሱ በቀስታ ጉዞ ይፈተናል።

መሪው ጤነኛ ሳለ የላላ የሚያስመስለው ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ከመካኒኩ ይልቅ ጫኞቹን ይመለከታል። የፒክአፕ መጫኛ ከኋላ ነው። የደጋው ድንችና ገብስ ከኋላ ጎማዎች አልፎ እስከ በሩ ድረስ ተከምሮ፥ በላዩ ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት፥ መኪናው እንደ ሚዛን ከኋላ ይጫናል፤ ከፊትም ይቀልላል። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በሚገባ ስለማይረግጡ ሾፌሩ መሪውን ቢያዞርም መኪናው አይታዘዝም፤ በተለይም በዳገት ላይና በጭቃ። እንዲህ ያለውን ልቅነት ምንም ዓይነት ቁልፍ አያጠብቀውም። መድኃኒቱ ጭነቱን መቀነስ፥ ከባዱን ወደ ፊት ማድረግና ሰውን ከጭነት ላይ ማውረድ ነው። የጎማ ነፋስ መለያየትም እንዲሁ መኪናውን ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ይህንም ጎሚስታ በጥቂት ደቂቃ ይለካዋል።

እንደ ገናም በአንዳንድ ወጥ አክስል ባላቸው መኪናዎች ላይ አንድ አስደንጋጭ ነገር ይደርሳል። መኪናው በመጠነኛ ፍጥነት እየሄደ ጎድጓዳ ሲመታ የፊት ጎማዎቹ በድንገት ወዲያና ወዲህ እየተንቀጠቀጡ መሪውን ከሾፌሩ እጅ ሊነጥቁት ይደርሳሉ። ያን ጊዜ ሾፌሩ ፍሬኑን በኃይል አይርገጥ፤ መሪውንም በኃይል አይጠምዝዝ። ክቡን ጽኑ አድርጎ ይዞ፥ እግሩን ከነዳጁ አንሥቶ፥ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ዳር ይያዝ። ይህን መንቀጥቀጥ የሚያለዝብ በዘይት የተሞላ አንድ መሣሪያ በመሪው ዘንግ ላይ አለ። እርሱን በአዲስ መለወጥ ብቻውን ግን የተላላውን መጋጠሚያ መሸሸግ ነውና፥ ምርመራው ከላይ በተነገረው ተራ ይደረግ።

አሁን በዚህ ሁሉ ውስጥ የመምህሩና የሽማግሌው ፈንታ ምን እንደ ሆነ መናገር ይቀራል። ማንም መምህር ከመኪና በታች ተኝቶ ዳዶ ይፍታ አልተባለም። ነገር ግን የትምህርት ቤት ልጆች ለውድድር ወይም ለፈተና በመኪና ሲሄዱ፥ ከመሳፈራቸው በፊት መሪው በሁለት ጣት እንዲፈተን መጠየቅ ይችላል፤ ምርመራውም ከአንድ የቡና ስኒ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም። ሾፌሩ ሲቆጣ ወይም ሲስቅ ያንጊዜ ነገሩን በትሕትና ደግሞ መጠየቅ ነው። ጥሩ ሾፌር ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ የማይወድ ሾፌር ግን ያልተለካ ነገር እንዳለው በዚያው መሰከረ።

ሽማግሌውም እንዲሁ ነው። በደጋው አገር የሽማግሌ ቃል ይከበራል፤ ድንበር የተጋፉትን ያስማማል፥ ደም የተቃቡትን ያስታርቃል። ይህ ክብር ካለው፥ «ይህ መኪና ተመርምሮ እስኪመለስ ድረስ የቀበሌያችን ሰው አይሳፈርበት» ብሎ ቢናገር ማን ይከራከረዋል? ባለ መኪናው የአንድ ቀን ገበያ ቢቀርበት ይከፋዋል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን መጋጠሚያ በጊዜ ቢለወጥ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ዕቃ ዋጋ አያልፍም፤ ያለጊዜው ቢለቅ ግን መኪናውም፥ ጭነቱም፥ ሰውም በአንድነት ይሄዳሉ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ደግሞም ነገሩን በሾፌሩ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ብዙ ጊዜ ሾፌሩ የሌላ ሰው ቅጥር ነው፤ መሪው እንደ ላላ እያወቀ «ብናገር ሥራዬን አጣለሁ» ብሎ ይፈራል። ሾፌሩ ብቻውን ሲናገር ቃሉ እንደ ስንፍና ይቆጠርበታል። መምህሩና ሽማግሌው አብረውት ሲናገሩ ግን ቃሉ ምስክር ያገኛል። ስለዚህ መሪው የላላበትን ሾፌር መሳደብ ሳይሆን፥ ከባለ መኪናው ፊት ከጎኑ መቆም ይገባል።

በመጨረሻ፥ በየትምህርት ቤቱ አንድ ደብተር ቢዘጋጅ መልካም ነው። በአካባቢው ሰው የሚጭን እያንዳንዱ መኪና የባዶ ዙረቱ ልክ በሳንቲሜትር፥ የተለካበትም ቀን በዚያ ይጻፍ፤ በየ3 ወሩም እንደ ገና ይለካ። ባለፈው 2 ሳንቲሜትር የነበረው ዛሬ 3 ሆኖ ከተገኘ፥ መጋጠሚያው ሳይለቅ ገና እየተናገረ ነው ማለት ነው። ከክረምቱ መግቢያ በፊትና ከክረምቱ መውጫ በኋላ የሚደረገው ልክ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጭቃው ሥራውን የሚሠራው በእነዚያ ወራት መካከል ነውና። ልኩን የሚለኩት ተማሪዎች ቢሆኑ ደግሞ፥ ሒሳብና ማስተዋልን በአንድ ጊዜ ይማራሉ፤ ነገም ሾፌርና ባለ መኪና ሆነው መሪ የሚጨብጡት እነርሱ ናቸው።